የኤሌክትሪክ ምጣድ በደብረ ብርሃን፦ ከእንጀራው ባሻገር ያለው ሒሳብ

በደብረ ብርሃን ሱቆች ከሚሸጡት የቤት ዕቃዎች መካከል የአንድን ቤተሰብ የኃይል አጠቃቀም እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ከመሠረቱ የሚለውጥ የለም። ቴሌቪዥኑም ማቀዝቀዣውም ቀድሞ ያልነበረ ፍላጎት ይዘው የመጡ ናቸው፤ ምጣዱ ግን የመጣው ለዘመናት በእንጨትና በኩበት ሲሠራ የኖረን ሥራ ሊረከብ ነው። ስለዚህ ስለ ምጣድ የሚጻፍ ግምገማ እንጀራው ዐይን አወጣ ወይስ አላወጣም ብሎ ቢያበቃ ጎዶሎ ይሆናል። ገቢያችን ሲያድግና የምንጠቀመው ኃይል ሲጨምር ወደ አየር የሚወጣው ካርቦን አብሮ መጨመሩ ግድ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ ለአንድ የሰሜን ሸዋ ቤተሰብ ከሁሉም የቀረበው ማስረጃ ይኸው ማእድ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ነው። እኔም ምጣዱን የምመዝነው በሁለቱም በኩል ነው።

የምጣዱ ፊት 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሸክላ ሲሆን ክብ የላሜራ አካል ላይ ተቀምጧል። ከሸክላው በስተጀርባ በተቦረቦረው ቦይ ውስጥ የሚግለው ሽቦ (ሬዚስታንሱ) ተጠምዝዞ ይተኛል፤ በላዩ ጀሶ ይለሰንበታል፤ ከዚያ በታች ደግሞ ሙቀቱ ወደ ወለል እንዳይባክን የሚከላከል ፋይበር ግላስ ሊኖር ይገባል። ሊኖር ይገባል ያልሁት የታችኛው ክፍል በብሎን ስለሚዘጋ ገዢ ከፍቶ ማየት ስለማይችል ነው። አራት እግር፣ የአሉሚኒየም አክንባሎ፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያና መብራት መኖሩን የምትጠቁም ቀይ አምፖል አለው፤ ሙቀቱን በራሱ የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ግን የለውም። በጎኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 220 ቮልት እና 3,500 ዋት ይላል፤ የሠሪው አድራሻም ሆነ አንድ ጊዜ ለመጋገር ምን ያህል ኃይል እንደሚበላ የሚገልጽ ነገር የለበትም። ሻጩን ስለ ፋይበር ግላሱ ስጠይቀው፣ «እትዬ፣ እሱን ይተዉት፤ ሬዚስታንሱ ቢቃጠል እንኳ አምጥተውልኝ በማግስቱ ይወስዱታል» ብሎ መለሰልኝ። መልሱ ከጥያቄዬ ጋር ባይገናኝም እውነትነት አለው፤ የዚህ ዕቃ አንዱ ትልቅ ጥቅም በከተማው ውስጥ ሊጠግነው የማይችል ኤሌክትሪሺያን አለመኖሩ ነው።

በወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር የሚከተል አንድ ነገር ግን ሻጮች አዘውትረው አይናገሩም። 3,500 ዋትን ለ220 ቮልት ስናካፍለው 16 አምፔር ገደማ ይመጣል፤ ይህም ተራ የግድግዳ ሶኬት ሊሸከመው የሚችለው የመጨረሻው መጠን ነው። በቀጭን ገመድ የተዘረጋ የቆየ ቤት ላይ ምጣዱን ሰክቶ አንድ ሰዓት ተኩል ማብራት ስፒናውን ያግላል፣ ሶኬቱን ያቀልጣል፣ ቫልቮላውን ይጥላል። ጥፋቱ የምጣዱ ነው ለማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ዋጋውን የሚጠይቅ ሰው ከቆጣሪው እስከ ማእድ ቤት የሚዘረጋ ወፍራም ገመድና የራሱ የሆነ ብሬከር ዋጋንም አብሮ ማስላት አለበት።

ስለ አጋገሩ ብዙ ቅሬታ የለኝም። እንደ ማንኛውም አዲስ ሸክላ መጀመሪያ በጎመን ዘር በደንብ መሟሸት ይፈልጋል፤ ሳይሟሽ የተጋገረበት ምጣድ እንጀራውን ይዞ አልለቅም ይላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ እንደመሆኗ ውኃ እዚህ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ማለዳው ቆፈን ነው፤ ሊጡም ለመቡካት ከአዲስ አበባው ይልቅ ቀን ይፈልጋል። ምጣዱ በዚህ ብርድ ለመጋል ከአስር ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ አንዴ ከጋለ በኋላ ግን ሙቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። በእንጨት ሲጋገር ነበልባሉ ወዳዘነበለበት ወገን እንጀራው ያርራል፣ በሌላው ወገን ይነጣል፤ እዚህ ይህ የለም። የጤፍ እንጀራ ዐይኑ ጥርት ብሎ ይወጣል። ገብስ የበዛበት ሊጥ ግን፣ በእኛ አገር ብዙ ቤት የሚጋገረው እሱ ነውና፣ በመካከሉ ለደቂቃ ማጥፋት ካልተለመደ ሥሩ ይደርቃል፤ ቴርሞስታት አለመኖሩ የሚያስቆጨው እዚህ ላይ ነው። ከመጨረሻው እንጀራ በፊት ማጥፋትም ጠቃሚ ልማድ ነው፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ለአንድ ሁለት እንጀራ ይበቃል።

አሁን ወደ ቆጣሪው እንሂድ። ሠላሳ ያህል እንጀራ ለመጋገር ምጣዱ አንድ ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይነዳል፤ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪው ላይ የሚታየው ልዩነት 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋገርበት ቤት በወር ከ40 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ለእንጀራ ብቻ ያውላል ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በየእርከኑ የሚወደድ ሲሆን ርካሹ እርከን የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ምጣዱ ብቻውን ይህን እርከን ሊሞላው ስለሚቃረብ አምፖሉ፣ ስልኩና ቴሌቪዥኑ ሲጨመሩ ቤቱ ወደሚቀጥለው ዋጋ ይገባል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል መደረጉም ይታወቃል። ያም ሆኖ ወጪው ከአንድ ወር ማገዶ ጋር ሲነጻጸር ዛሬም ለከተማ ነዋሪ ምጣዱ ያዋጣል፤ እንጨት በርካሽ የሚሸጥ ሳይሆን በእያንዳንዱ ክረምት ዋጋው የሚጨምር ሸቀጥ ሆኗልና።

ከዚያ 5 ኪሎዋት ሰዓት ጀርባ ያለው ካርቦን ምን ያህል ነው? መልሱ በምጣዱ ውስጥ የለም፤ ሽቦው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው ያለው። ይኸው ምጣድ ኤሌክትሪኩን ሙሉ በሙሉ ከድንጋይ ከሰል በሚያመነጭ አገር ቢሰካ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ፣ ሠላሳው እንጀራ 5 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስከትላል። በናፍጣ ጀኔሬተር ብንጋግርም ብዙ አይለይም፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፣ ከሱም ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብቻ ይገኛል። በኢትዮጵያ ግን ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ነው፤ የቀረውም በአብዛኛው ከነፋስ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ በዚህ አገር ምጣዱ ሲበራ በቀጥታ የሚወጣው ካርቦን ወደ ምንም የተጠጋ ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ፣ አንድ ዓይነት ዋት፣ አንድ ዓይነት እንጀራ፤ ካርቦኑ ግን እንደ አገሩ ይለያያል። የኃይል ፍጆታና የካርቦን ልቀት አንድ ነገር አለመሆናቸውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ይሁንና ነገሩን እዚህ ላይ መተው የሒሳቡን ግማሽ መተው ነው፤ ምጣዱ የተካው ነገርም መቆጠር አለበትና። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ አንድ ኪሎ እንጀራ ለማውጣት አንድ ኪሎ የሚጠጋ እንጨት ይበላል፤ ከእሳቱ ሙቀት አብዛኛው በጎን ይወጣል፣ ግድግዳ ያሞቃል፣ ዐይን ያስለቅሳል። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ሲነድ ከ1.5 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣው፣ ሠላሳ እንጀራ በጉልቻ ላይ 15 ኪሎ ያህል ያስከትላል። ይህ በከሰል ኤሌክትሪክ ከሚጋገረው ሦስት እጥፍ መሆኑ ሊያስገርም ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፣ የጉልቻ እሳት የሚያባክነው ከሚጠቅመው እጅግ ይበልጣል። በርግጥ የተቆረጠው ዛፍ ተመልሶ ካደገ የወጣውን ካርቦን መልሶ ይወስደዋል። በባሶና ወራና የገጠር ቀበሌዎች በየማሳው ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ሒሳቡ ቢዘገይም ይካካሳል። የወፍ ዋሻ ደን ጥድና ኮሶ ግን አንዴ ከተቆረጠ የእኛ ዕድሜ ሊያየው በሚችለው ጊዜ ውስጥ አይተካም፤ እዚያ የተቆረጠ እንጨት የሚያወጣው ካርቦን አየር ላይ የሚቀር ነው።

ስለ ኩበት የሚነገረው ደግሞ ከእንጨቱም ያነሰ ነው፤ እኔ ግን በሰሜን ሸዋ ዋናው ጉዳይ እሱ ይመስለኛል። ዛፍ በሚያንስበት የመንዝና የጅሩ ደጋ በየግቢው አጥር ላይ ተደርድሮ የሚደርቀው ኩበት የማገዶ ብቻ ሳይሆን የማዳበሪያም ክምችት ነው፤ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ማሳው ያጣዋል። ማሳው ያጣውን ገበሬው በዩሪያ ይተካል፤ ዩሪያ ደግሞ ከውጭ የሚገባ፣ በተፈጥሮ ጋዝ ወይም በከሰል የሚመረት ሲሆን፣ መሬት ላይ ከተበተነ በኋላ የሚያስወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲነጻጸር የማሞቅ ኃይሉ ከ250 እጥፍ በላይ ነው። እንግዲህ አንዲት የመንዝ ሞላሌ እናት ኩበት አንድዳ የጋገረችው እንጀራ ልቀቱ ከጭሱ ጋር አያበቃም፤ በመርከብ ተጭኖ እስከሚመጣው የማዳበሪያ ጆንያ ድረስ ይዘልቃል። ለዚያች እናት ከደብረ ብርሃን የመጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ምን ይጠቅማታል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ መስመሩ ደጇ አልደረሰምና። በአገራችን ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሕዝቡ ገሚስ ገደማ ነው፤ በንጹሕ ኃይል የሚያበስለው ደግሞ ከአሥር አንዱን እንኳ አይሞላም።

ለነዚህ ቤቶች ተፎካካሪው ዕቃ ምርጥ ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ ተቀርጾ የሚሠራ፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብ ምድጃ ሲሆን፣ ማገዶውን ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ጭሱንም በአንድ በኩል ያስወጣል። በአገልግሎት በኩል ካየነው ዋጋው ትንሽ፣ ዕድሜው ረጅም፣ መብራት ቢሄድም የማይቆም ነው። ጉድለቱ እንጨቱን ይቀንሳል እንጂ አይተውም፤ ከማእድ ቤት ጭስ ጋር በተያያዘ በዓለም በየዓመቱ ከሚሞተው 3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አንጻር ደግሞ ግማሽ መፍትሔ ነው። ለከተማ ቤት እንኳ ምርጥ ምድጃን እንዳትጥሉት እመክራለሁ፤ ምክንያቱን ከታች እመለስበታለሁ።

አሁን ጉዳዩን ወደ አገር እናስፋው። ዮይቺ ካያ የተባለ ጃፓናዊ ምሁር የአንድን አገር የካርቦን ልቀት የአራት ነገሮች ብዜት አድርጎ አስቀምጦታል፦ የሕዝቡ ቁጥር፣ የነፍስ ወከፍ ገቢው፣ ለአንድ ብር ምርት የሚወጣው ኃይል፣ ለአንድ አሃድ ኃይል የሚወጣው ካርቦን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በኢትዮጵያ ወደ ላይ እየሄዱ ነው፤ እነሱን ወደ ታች ለመመለስ የሚመኝም የለም። ምጣዱ የሚነካው ሦስተኛውንና አራተኛውን ነው። በአንድ በኩል ከጉልቻ እሳት ይልቅ እጅግ ያነሰ ኃይል ይበቃዋል፤ በሌላ በኩል ያ ኃይል ከውኃ የመጣ ነው። በአገራችን ጠቅላላ የኃይል ፍጆታ ውስጥ ከአሥር እጅ ዘጠኝ ገደማ የሚሆነው እንጨት፣ ኩበትና ከሰል በመሆኑ፣ ቤተሰቡ ሲያልፍለትና ወደ ኤሌክትሪክ ሲሸጋገር የሚቃጠለው ኃይል መጠን ሊጨምር ሳይሆን ሊቀንስም ይችላል። ይህ በአውሮፓ የኢንዱስትሪ ዘመን ታሪክ ላይ ተመሥርቶ የሚነገረውን «ዕድገት ማለት ጭስ ነው» የሚል አስተሳሰብ በቤት ደረጃ ያፈርሰዋል።

የምጣኔ ሀብት ምሁራን ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩበት የኖረ አንድ መላምት አለ። አገር ድሃ ሳለ ብክለቱ ትንሽ ነው፤ ሲያድግ ይጨምራል፤ ሲበለጽግ መልሶ ይቀንሳል ይላል። ሐሳቡ ለቅርብ ብክለት፣ ማለትም ለከተማ ጭስና ለቆሻሻ ውኃ፣ በብዙ ቦታ ሠርቷል፤ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ማስረጃው እጅግ ደካማ ነው። ምክንያቱን ምጣዱ ራሱ ያሳየናል። ጭስ ዐይንን ስለሚያቃጥል ገንዘብ ያገኘ ቤተሰብ መጀመሪያ ከሚሸሻቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ ጉዳቱም ለጎረቤትና ለመጪው ትውልድ ስለሚተርፍ ሀብት ብቻውን ሰውን ከሱ አያሸሸውም። እንግሊዝ ልቀቷን ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ በግማሽ ገደማ ስትቀንስ ኢኮኖሚዋ ከሦስት አራተኛ በላይ አድጓል፤ ይህ የሆነው ግን ስለበለጸገች ብቻ ሳይሆን ከሰልን በፖሊሲ እየገፋች እስከ መስከረም 2024 እ.ኤ.አ. የመጨረሻውን የከሰል ማመንጫዋን ስለዘጋች ነው፤ ደግሞም ከምትጠቀማቸው ዕቃዎች ብዙው በሌላ አገር ጭስ የተመረተ ነው። ቻይና በተቃራኒው ዕድገቷን በከሰል ላይ ስለገነባች ዛሬ ከዓለም ልቀት ሲሶ ገደማው የእሷ ነው። በኢትዮጵያ ከነዳጅ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለአንድ ሰው በዓመት ከ0.2 ቶን አይበልጥም፤ የዓለም አማካይ ደግሞ ከ4.5 ቶን በላይ ነው። በዚህ ልዩነት ፊት አንድ የደብረ ብርሃን ቤተሰብ ምጣድ ሰካ ብሎ የሚወቅስ ካለ ነገሩን አላሰበበትም።

መንግሥት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም ጉዳዩን ከሞላ ጎደል በዚህ መንገድ ነበር ያየው። በ2010 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ተብሎ ሲገመት ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን ነበር፤ ኤሌክትሪክ፣ ትራንስፖርትና ኢንዱስትሪ ድርሻቸው ትንሽ ነበር። በተለመደው መንገድ ከተኬደ በ2030 እ.ኤ.አ. 400 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል፣ ኢኮኖሚው እያደገ በዚያው በ150 ላይ እናቆየው የሚል ግብ ተቀመጠ። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ከስትራቴጂው ፈጣን ሥራዎች አንዱ ሆኖ መመረጡ ለምጣድ ጉዳይ ያለውን ክብደት ያሳያል።

ሆኖም ከማእድ ቤት ወጥቶ ወደ ሰሜን ሸዋዋ ለሚ የሚሄድ ሰው ሌላ ነገር ያያል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዚያ የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ የማምረት አቅም ያለው ነው። የሲሚንቶ ጉዳይ ከምጣድ የሚለየው፣ ኤሌክትሪኩ ሙሉ በሙሉ ከውኃ ቢመጣ እንኳ ካርቦኑ አለመቅረቱ ነው። የሲሚንቶ ዋና ግብዓት የሆነውን ክሊንከር ለመሥራት የኖራ ድንጋይ 1,450 ዲግሪ በደረሰ እቶን ውስጥ ሲገባ ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ከአንድ ቶን ክሊንከር ግማሽ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከድንጋዩ ይወጣል፣ እቶኑን የሚያሞቀው ከሰል ደግሞ በላዩ ይጨምራል። ስለዚህ ዕድገት መንገድ፣ ድልድይና ኮንዶሚኒየም እስከሆነ ድረስ ከካርቦን ጋር መለያየቱ ከእንጀራ ይልቅ በብሎኬት ላይ ከባድ ነው። አንዱ ክፋይ ማስታገሻ ክሊንከሩን በከፊል በሌላ ዐለት መተካት ነው፤ ፑሚስ የተባለው የስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለዚህ ይሆናል። በምርጥ ምድጃችን አካል ውስጥም ሲሚንቶ መኖሩን ሳስብ፣ ከጭስ የሚያስጥለን ዕቃ ራሱ በጭስ የተሠራ መሆኑ ይገርመኛል።

ወደ ምጣዱ ልመለስ። ትልቁ ድክመቱ ራሱ ውስጥ የለም፤ መብራት ሲሄድ እንጀራው ግማሽ ላይ ይቀራል። ሊጡ ቀጥኖ አብሲቱ ገብቶ፣ ኩፍ ብሎ፣ መብራት ከሄደ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ሊጡ እስኪኮመጥጥ መጠበቅ፣ ወይ ወደ እንጨት መመለስ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አዛውንት፣ «ልጄ፣ በመብራት ተማምኖ ምድጃ ያፈረሰ ሰው እንግዳ የሚመጣበትን ቀን አያውቅም» ያሉኝ ለዚህ ነው፤ ከላይ ምርጥ ምድጃን አትጣሉት ያልሁትም ለዚሁ። ሆቴል ቤቶች በእንዲህ ያለ ጊዜ ጀኔሬተር ያስነሳሉ፤ ከላይ እንዳየነው ጀኔሬተር የተነሣበት ምጣድ ደግሞ በካርቦን በኩል የከሰል አገር ምጣድ ይሆናል። ይህ ከምጣዱ ይልቅ ከሥርዓቱ የሚመጣ ልቀት ነው፤ የማከፋፈያ መስመር የሚቆራረጥ ከሆነ ግድቡ ቢሞላም ናፍጣው አይቀርም። ውኃ ላይ ብቻ መደገፍም የራሱ አደጋ አለው፤ በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲሆን የናፍጣ ማመንጫ ኪራይ እስከመግባት የተደረሰው የግድቦቹ ውኃ ፍላጎቱን መሸከም ስላቃተው ነበር። ነፋሱና የምድር እንፋሎቱ ከውኃው ጎን እንዲቆም የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ሌላም የማይታይ ወጪ አለ። እኔ ለእንጀራ የማነደው ኪሎዋት ሰዓት ለጅቡቲ ሊሸጥ ይችል ነበር፤ ጅቡቲ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ከእኛ እየገዛች ከነዳጅ የምታመነጨውን የምትቀንስ አገር ናት። በዚህ ዐይን ከታየ የእኔ ምጣድ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነው ለማለት ያስቸግራል። ነገር ግን ክርክሩን እስከዚህ መጎተት ልክ አይመስለኝም፤ በአገር ቤት እንጨትና ኩበት እየነደደ ኤሌክትሪኩን ለውጭ መሸጥ ለከባቢ አየሩም ለዐይናችንም አይበጅም።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ የልማድ ነገር ነው። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ዊሊያም ስታንሊ ጄቮንስ በ1865 እ.ኤ.አ. የእንፋሎት ሞተር ቆጣቢ ሲሆን የእንግሊዝ የከሰል ፍጆታ መጨመሩን ጽፎ ነበር። ነገሩ በምጣዱም ይታያል። በእንጨት ሲሆን መጋገር ትልቅ ሥራ ስለነበረ ሊጡ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይጋገር ነበር፤ በኤሌክትሪክ ሲሆን ለአሥር እንጀራም ይሰካል፣ እያንዳንዱ ሲሰካም ለማጋል ብቻ የሚጠፋው ኃይል ይደጋገማል። ለሦስት ለአራት እንጀራ ምጣድ ማጋል ድስት ሙሉ ውኃ አፍልቶ አንድ ስኒ ሻይ እንደ መጠጣት ነው። በውኃ ኤሌክትሪክ አገር ይህ ካርቦን ባያስከትልም ቆጣሪው ላይ ያስከትላል፤ የትራንስፎርመሩንም ሸክም ያከብዳል። የሰንበቴና የማኅበር ዋዜማ መንደሩ በሙሉ በአንድ ሰዓት ሲጋግር መብራቱ የሚደክመው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። በከተማ የሚኖር፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ ገመዱ ወፍራም የሆነ ቤተሰብ ይህን ምጣድ ቢገዛ አይጸጸትም፤ እንጀራው ያምራል፣ ማእድ ቤቱ ጭስ የለውም፣ በካርቦኑ በኩልም ዛሬ በዚህ አገር ገንዘብ ከሚገዛቸው የዕድገት ምልክቶች ሁሉ ንጹሑ ነው። አንድ ቆጣሪ ለብዙ ተከራይ በሚካፈልበት ግቢ ግን አልመክረውም፤ ታሪፉ በእርከን ስለሚወደድ የአንዱ እንጀራ የሌላውን አምፖል ያስወድዳል፣ ጠቡም ከባለቤቱ ጋር ይሆናል። ሠሪዎቹ ሁለት ነገር ቢያሻሽሉ ዕቃው ሌላ ደረጃ ይደርሳል፦ ከሥር ያለውን ፋይበር ግላስ ማወፈርና ቴርሞስታት መግጠም። ሁለቱም የውጭ ምንዛሪ የሚያስለቅሱ አይደሉም፤ የሚያድኑት ኃይል ደግሞ በመቶ ሺህ በሚቆጠር ቤት ሲባዛ ትንሽ አይሆንም። የኃይል ፍጆታውን የሚገልጽ መለያ አለመኖሩም ገዢውን በግምት እንዲገዛ ያደርገዋል።

ለመግዛት የምትሄዱ ሰዎች ሸክላውን በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጋችሁ ድምፁን ስሙ፤ ስንጥቅ ያለበት ሸክላ ድምፁ ደንቆሮ ነው። ምጣዱን ሱቁ ውስጥ ሰክተው እንዲያጋሉላችሁ ጠይቁና ከአሥር ደቂቃ በኋላ የታችኛውን ላሜራ ተጠንቅቃችሁ በእጃችሁ ቅረቡት፤ ሙቀቱ ከተሰማችሁ ፋይበር ግላሱ ስስ ነው ወይም የለም። ስፒናው ሦስት እግር ያለው መሆኑንና ገመዱ ለ16 አምፔር የሚበቃ መሆኑን እዩ። ዋስትና ሲሰጧችሁም ሸክላውን ይጨምራል ወይስ ሬዚስታንሱን ብቻ ብላችሁ ጠይቁ፤ የእኔ ምጣድ ዋስትና የሚሸፍነው ሬዚስታንሱን ብቻ ነው።